ደንቡን የሰጠሁት እኔ ነኝ

እንግሊዞች ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ድምፅ በሰጡ ሰሞን፣ እኔና ጎረቤቴ ከሥራ ስንመለስ ጦር ኃይሎች ወርደን ማኪያቶ እየጠጣን በእነሱ ጉዳይ እንከራከር ነበር። እኛን ምን አገባን? ግን ሰው የራሱን ቤት ትቶ የሰው አገር ፖለቲካ ሲተነብይ ደስ ይለዋል።

እኔ «አይወጡም» ባይ ነበርኩ። «ማስፈራሪያ ነው፤ ትንሽ ቢለማመጧቸው ይመለሳሉ።»

እሱ ማኪያቶውን እያማሰለ ይስቅብኛል። «የሚያስፈራራ ሰው ይጮኻል። ሊወጣ የቆረጠ ግን ዝም ብሎ ሕጉን ያነባል። ከዚያ ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ቀጥሎ በንብረቱ ይጨቃጨቃሉ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ወጥተውም በሩ እንዳይዘጋባቸው ይፈልጋሉ። ምን አለ በለኝ!»

ዓመታት ፈጀ እንጂ አንዱንም አልሳተም። እኔም አዋቂነቱን ለሰፈሩ ሁሉ አወራለት ነበር። የእንግሊዞቹ ነገር ሊያልቅ ሲል የእድራችንን መተዳደሪያ ደንብ እንድሰጠው ጠየቀኝ። ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። ፎቶኮፒ አድርጌ ቤቱ ድረስ ወሰድኩለት። ማንበብ መውደዱን አደነቅኩ፣ እኔ ሞኙ።

ደብዳቤው በወሩ መጣ። ከአስፋልቱ ማዶ ያሉት ቤቶች የራሳቸውን እድር ሊያቋቁሙ ነው፤ የመጀመሪያው ፊርማ የእሱ። ሁለት ወር ሙሉ በድንኳንና በብረት ድስት ተጨቃጨቅን። አባቴን የቀበረው እድር ለሁለት ተከፈለ። መንገድ ላይ አግኝቼው «ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?» ብለው፣ «ስነግርህ አይደል የከረምኩት!» ብሎኝ አለፈ። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባላል። እሱ ግን ምሳሌውን ነግሮኝ ነገሩን ደበቀኝ። ጠላት ቢያደርገው ይህን ያህል ባላመመኝ።

አምና እናቴ አረፈች። ድንኳኑ ሲተከል ዓይኔ እሱን ፈለገ፤ በአባቴ ጊዜ ካስማውን የመታው እሱ ነበር። ከቀብር በኋላ መጣና «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብሎኝ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። የእድራችን ልጆች እንደ ማንኛውም እንግዳ ንፍሮ አቀረቡለት።

ሊሄድ ሲል እጄን ያዘ።

«የኛ እድር እንዳሰብነው አልሆነም» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እናቴም አልጋ ከያዘች ቆየች። ለመሆኑ፣ ወጥቶ ለሚመለስ ሰው ደንቡ ምን ይላል?»

እጄን አስለቀቅኩት።

«ደንቡ አንተ ጋ ነው» አልኩት። «አንብበው።»