ካፉ የነጠቅኩት አየር

የራሳችሁን ጥፋት ሌላ ሰው ሲሸከምላችሁ ዝም ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ጎንደር ውስጥ መምህርት ነኝ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጎርጎራ ወርጄ፣ ጣና ላይ ሰው ሲሰጥም የሚደርሱ ጠላቂዎች የሚሠለጥኑበት ቡድን ውስጥ ገባሁ። አብሮኝ የሚወርደው አንተነህ የሚባል የጎንደር ዲያቆን ነበር። ደንቡን ላስረዳ። ጠላቂ ብቻውን አይወርድም። አየር ያለቀበት በእጁ ምልክት ይጠይቃል፤ ጓደኛው ጀርባው ላይ ካዘለው የአየር ታንክ ጋር የተያያዘውን ትርፍ መተንፈሻ ያቀብለዋል።

እኔ አልጠየቅኩም። አየርም አላለቀብኝም ነበር። ውሃው ደፍርሶ እጄን እንኳ ማየት ሲያቅተኝ የታፈንኩ መሰለኝና አንተነህ አፉ ውስጥ የያዘውን መተንፈሻ መንጭቄ ነከስኩት። እኔ ነኝ የነጠቅኩት። እሱ ትርፉን ፈልጎ እስኪያገኝ ውሃ ጠጣ፤ ያም ሆኖ ክንዴን አልለቀቀም፤ ቀስ አድርጎ ይዞኝ ወጣ።

ጀልባው ላይ አሠልጣኛችን አያ ሞላ፣ "ማን ነው የደነገጠው?" አሉ። አንተነህ እያሳለ ነበር።

"እሱ ነው" አልኩ።

ፈርቼ ነው ልበል? ፍርሃቱ ውሃው ውስጥ ቀርቷል፤ ጀልባው ላይ የዋሸሁት እኔ ነኝ። አንተነህ ሳሉ ሲለቀውም አላስተባበለም። ወደ ጀማሪዎቹ መለሱት፤ ሥልጠናው ሲያልቅም ሰው አዳኝ ጠላቂ ሆኜ የተመረጥኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ቀረ።

የዚያን ዕለት ሐይቁ ዳር አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። "አንቺ፣ ካፍ ጉርሻ ይነጠቃል እንዴ?" ብሎ ሳቀ። "ምነው እንዲህ ትጣደፊያለሽ? ዜማ ስንማር የኔታ 'መሳብ አታብዙ፣ አውጡ' ይሉን ነበር። ትንፋሽሽን ረጅም አርገሽ አውጪው፤ መግባቱን እሱ ያውቅበታል።" እያዜመ አሳየኝ።

እውነቱን ነው። የደነገጠ ሰው የገባው አየር ሳይወጣ ሌላ ይስባል፤ ደረቱ ሞልቶ ሳለ የታፈነ ይመስለዋል። በማግስቱ ያንን ዜማ በልቤ ይዤ፣ ትንፋሼን በረጅሙ እያወጣሁ ወደ ጥልቁ ወረድኩ። አልደነገጥኩም። ዛሬ ፈተና ሲደርስ ለሚንቀጠቀጡ ተማሪዎቼ የማስተምረውም ይህንኑ ነው። ድፍረቴን ያገኘሁት ከበደልኩት ሰው ነው። እግዜር ይስጥልኝ ከማለት ሌላ ምን ቃል አለኝ?

ግን ምስጋናዬ ውሸቴን አያጥበውም። አንተነህ፣ ይቅር በለኝ። ነገ ጎርጎራ ወርጄ የደነገጥኩት እኔ መሆኔን ለአያ ሞላ እነግራቸዋለሁ፤ ቦታዬንም ለእሱ ስጡልኝ እላለሁ። ከወዲሁ ትንፋሼን በረጅሙ እያወጣሁ ነው። እናንተም እንዲህ ያለ ቃል አፍናችሁ እንደሆነ ሞክሩት። መጀመሪያ ትንፋሻችሁን በረጅሙ አውጡ፤ ከዚያ ቃሉን።