በሮም ሰዎች ላይ የፈረድኩት ፍርድ

ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤቴ አንድ ሰው ነበር። የሰፈራችን ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ላይ ያበቃል፤ አምስተኛን ለመማር ሞላሌ ድረስ መመላለስ ያስፈልጋል፤ አባቴ ደግሞ «ለሷ እግር ይርቃል፣ አንድ ዓመት ትጠንክር» ብሎ አስቀረኝ። ያኔ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ጋሽ ተሰማ፣ እኛ ቤት ይኖሩ ነበር። በደርግ ጊዜ ሩቅ ከተማ ታሪክ ያስተምሩ የነበሩ ሰው ናቸው፤ መንግሥት ሲለወጥ ሥራቸውን ትተው አንዲት የቆርቆሮ ሳጥን ይዘው ወደ እኛ መጡ። ለቅሶዬን ሁለት ቀን ታገሱና በሦስተኛው «በቃ፣ እኔ አስተምርሻለሁ፤ ተማሪም አንድ፣ አስተማሪም አንድ» አሉ።

ቀን ቀን ሒሳብና ንባብ ነበር። ታሪክ የምንማረው ግን ሲመሻሽ፣ ከብቱ ከገባ በኋላ፣ የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለው ነው። ጋሼ የሱፍ ባናቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ኩራዙን በመካከላችን አስቀምጠው ሮምን ያወሩልኛል፤ መጀመሪያ ከሞላሌ ገበያ የማትበልጥ መንደር እንደነበረች፣ ወታደሮቿ በደረሱበት ሁሉ ድንጋይ እያነጠፉ መንገድ እንደሠሩ፣ ቄሣሮቿ እንደ አምላክ ካልተሰገደልን እንዳሉ፣ ክርስቲያኖቹም ከመሬት በታች በመቃብር ዋሻ ተደብቀው ይጸልዩ እንደነበር። ያኔ ክርስቲያኖችን የሚያሳድደው ቄሣር ኔሮን ከጓሳ ተራራ ማዶ የሚኖር ይመስለኝ ነበር፤ ወደዚያ አቅጣጫ ብቻዬን አልሄድም።

የአገሬ ሰው ሙግት ይወዳል። የድንበር ክርክር ያለ ቀን ጉዳይ የሌለው ሁሉ ሥራ ፈቶ ሊያዳምጥ ይሄዳል። ጋሼም ይህን ስለሚያውቁ ታሪኩን ሁሉ ሙግት አድርገው ነበር የሚያስተምሩኝ። የከሳሹን ቃል ይናገራሉ፣ የተከሳሹን ይናገራሉ፣ ከዚያ «እንግዲህ ዳኛዬ፣ ፍረጂ!» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ እፈርዳለሁ። ስንቱን ቄሣር በሞት ቀጣሁ! ጋሼ ይስቁልኛል፤ እሳቸው ሲስቁ እኔ ይብስብኛል። ምሕረት የሚባል ነገር አላውቅም ነበር።

ጋሼ ቤተ ክርስቲያን አይገቡም። እሑድ እሑድ አብረውን እስከ ቅጥሩ ይመጡና፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ የድንጋዩን ካብ ተደግፈው ከውጭ ይቆማሉ። ምክንያቱን ከእናቴ የሰማሁት ኋላ ነው። ያስተምሩበት በነበረው ከተማ መምህራኑ ስብሰባ ተጠርተው፣ አንድ በአንድ መድረክ ላይ እየወጡ የአንገታቸውን ማተብ በጥሰው «ፈጣሪ የለም» እንዲሉ ተጠየቁ። ጋሼ በጠሱ፤ አሉም። አብሯቸው ከእኛው ሰፈር የሄደው ጓደኛቸው ታደሰ ግን እንቢ አለ። ወሰዱት፤ አልተመለሰም። የታደሰ እናት፣ እማማ አስካለ፣ እሑድ እሑድ ከቅጥሩ በር አጠገብ ይቀመጣሉ። ጋሼ በእሳቸው ፊት ማለፍ አቃታቸው።

በዚያ ዓመት የንስሐ አባታችን ደጋግመው ለምነዋቸው፣ ለፍልሰታ ሊገቡ ተስማምተው ነበር። እናቴ ደስታዋን የምታደርግበት አጥታ ጋቢያቸውን ሁለት ጊዜ አጠበችው። እኔ ግን የማውቀው ነገር አልነበረም።

ጾሙ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጉሙ ደጃፍ ድረስ መጥቶ በተኛበት ምሽት፣ ጋሼ ስለ ዳኬዎስ ቄሣር አጫወቱኝ። ሰው ሁሉ ለጣዖት እንዲያጥን ታዘዘ፤ ላጠነ እንደ ቀበሌ መታወቂያ ያለ ወረቀት ይሰጠዋል፤ እንቢ ያለ ይታሰራል፣ ይገደላል። ብዙዎች ፈርተው አጠኑ። ቄሣሩ ሲሞት እነዚያ የፈሩት ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተመልሰው «አስገቡን» እያሉ አለቀሱ። ጋሼ እዚህ ሲደርሱ እሳቱን ይቆሰቁሱ ጀመር።

«እንግዲህ ዳኛዬ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ይግቡ ወይስ አይግቡ?»

«ያልካዱት ሞተዋል አይደል?»

«ሞተዋል።»

«የነሱ እናቶችስ? ውስጥ አይደሉም እንዴ?»

«ውስጥ ናቸው።»

«ታዲያ በምን ዓይናቸው ያዩዋቸዋል? አይግቡ! እዚያው ውጭ ይቁሙ!»

በፍርዴ ኮራሁ። እንደ ወትሮው ይስቁልኛል ብዬ ብጠብቅ ጋሼ አልሳቁም። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ ፊቷ ተለዋውጦ፣ «ወንድም ጋሼ፣ የልጅ ነገር ነው እኮ» አለች።

«ልጅ አይዋሽም» አሉና ተነሥተው ወደ መኝታቸው ሄዱ።

ፍልሰታ ገባ፤ ጋሼ አልገቡም። እናቴ ለመነቻቸው፣ ቄሱም ቤት ድረስ መጡ፤ የታጠበው ጋቢ እንደታጠፈ ቀረ። የጾሙን ቀናት በሙሉ በዚያ የነሐሴ ዝናብ ከካቡ ውጭ ቆመው አስቀደሱ። ብርዱ ደረታቸው ገባ። መስከረም ሳይጠባ ሞቱ፤ ቤተ ክርስቲያን የገቡት በሰው ትከሻ ነው።

በቀብራቸው ከሁላችንም በላይ ያለቀሱት እማማ አስካለ ነበሩ። «ተሰማዬ፣ ልጄን መጨረሻ ያየው ያንተ ዓይን አልነበረም ወይ! እኔ ብመጣ ታፍራለህ ብዬ፣ ዛሬ ይገባል፣ ነገ ይገባል እያልኩ በሩ ላይ ስጠብቅህ! አሁን ስለሱ ማን ያጫውተኝ?» እያሉ ደረታቸውን መቱ። እናቴ ሁሉንም የነገረችኝ በዚያው ሳምንት ነው። ስለ ፍርዴ ግን አንድም ቀን አንሥታብኝ አታውቅም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ኋላ ሞላሌ ተማርኩ፤ ከዚያም አልፌ እኔም የታሪክ መምህርት ሆንኩ። ኮሌጅ ሳለሁ የዳኬዎስን ዘመን ስናጠና፣ ጳጳሳቱ ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ያለቀሱትን ንስሐ ሰጥተው መልሰው እንደተቀበሏቸው አነበብኩ። መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ አለቀስኩ። ጋሼ ይህን ፍጻሜ አሳምረው ያውቁት ነበር፤ ስንት ዓመት ያስተማሩት ነው። ቄሱ «ግባ» ቢሏቸው ሥራቸው ነው፣ እናቴም ብትል እህታቸው ናት። ስለ እሳቸው ምንም የማያውቅ አንድ ሰው «ይግቡ» ሲል መስማት ፈልገው ነበር። እኔን መረጡ።

ዛሬ ክፍል ውስጥ እዚያ ምዕራፍ ላይ ስደርስ፣ ተማሪዎቼ እጃቸውን ሳያወጡ በፊት፣ ቶሎ ብዬ «ተቀበሏቸው» እላለሁ።