የገጠመው ጎድን

ባሌን የገደለው ነቀርሳ ነው፤ ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል። እኔ የምጽፈው የቀረውን ነው።

ጊዜው የደርግ ነበር። ሽንት ሲያስቸግረው ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥተን ከቆቦ በአውቶቡስ ሩቅ ወዳለ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው። ከፊኛው በታች ያለችው ዕጢ ነቀርሳ ይዟታል አለን። ሌላ ቦታ ካልደረሰ ቀዶ ማውጣት ይቻላል፤ አጥንት ከገባ ግን መቅደዱ አይረባም። ራጅ አነሱት። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ በግራ ጎድኑ ላይ ያለች ነጭ እብጠት አሳየን።

«አባባ፣ እዚህ ጋ ተመተው ወይም ወድቀው ያውቃሉ?» ሲል እየጻፈ ነበር፤ ቀና ብሎ አላየንም።

«አላውቅም» አለ ባሌ።

ያን ጎድን የሰበረው የወንድሜ ዱላ ነው። በተጋባን በሦስተኛው ዓመት፣ የጎርፍ ውኃ ወደ ማሳ ሲጠልፉ ተራው የኔ ነው፣ የኔ ነው ተባብለው። ወጌሻ አሽቶ አሰረለት፣ ገጠመ። ሽማግሌዎችም ሁለቱን አስታረቁና «ይህን ነገር መልሶ ያነሳ ልጅ አይቁምለት» ብለው አስማሉን፤ እኔንም ጭምር። ልጆች ነበሩን። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ስለዚያ ጎን ትንፍሽ ያለ የለም።

ሐኪም ፊትም ዝም አልኩ።

«አጥንት ገብቷል» አለ ሐኪሙ። «ይዘውት ይግቡ፤ የሚወደውን ያብሉት።»

አውቶቡስ ስንጠብቅ «ለምን አልነገርከውም?» አልኩት።

«አንቺስ አፍ አልነበረሽም?» አለኝ። ቆይቶ ሳቅ አለ። «ጎርፍ ያልወሰደኝን አንድ ፎቶ ይወስደኛል? ተይው።»

ተውኩት። ራሴን ይቅር የማልለው ለዚህ ነው። ያንን ሐኪምም ይቅር አልለውም። ሸሚዙን አስወልቆ በእጁ ቢዳስሰው ኖሮ የገጠመውን አጥንት ቋጠሮ ያገኘው ነበር፤ የእኔ መዳፍ ስንት ዘመን ያውቀዋል። እሱ ግን የጠየቀው ወረቀቱን ነው።

ባሌ ሁለት ዓመት አረሰ። ጎኑን አንድ ቀን አላመመውም። በኋላ ወገቡ ያዘው፣ ሽንቱም ጭራሽ ቆመ። አሮጌውን ፊልም በነጠላ ጠቅልዬ ሌላ ሆስፒታል ወሰድኩት። እዚያ ያሉት ሐኪም ጠጉራቸው የሸበተ ነው። አዲስ አስነስተው ሁለቱን ጎን ለጎን አዩ።

«ይህ ጎድን ተሰብሮ የገጠመ ነው» አሉኝ። «ነቀርሳ ቢሆን ሁለት ዓመት ሙሉ ባለበት አይቀመጥም። ያን ጊዜ ዕጢው መውጣት ነበረበት። አሁን ግን ነቀርሳው ወገቡ አጥንት ውስጥ ገብቷል፤ ይኸኛው እውነት ነው።»

ከቀበርነው በኋላ ወንድሜ ከጎብዬ ደረቱን እየደቃ መጣ። «እህቴ፣ እግዜር የጻፈው ነው» አለኝ። ካስታረቁን ሽማግሌዎች ሁለቱ በሕይወት ነበሩ፤ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠዋል። ፊልሙን ከሣጥን አውጥቼ ወደ ፀሐይ ያዝኩት።

«ይቺን ነጭ ታያታለህ? ዱላህ ናት። ሐኪሙ ነቀርሳ ብሎ አሰናበተን።»

«አንቺ ሴት፣ መሐላ አለብሽ» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

«ጠብቄላችሁ ነበር» አልኳቸው። «ይኸው ጠብቄ ቀበርኩት።»

ወንድሜ ፊልሙን ተቀብሎኝ ለረጅም ጊዜ አየው። ዘቅዝቆ ነበር የያዘው። ወስጄ አቃናሁለት።