ዘውዱ ስለ ልጁ እግር የዋሸው ውሸት

ዘውዱን በስም ባታውቁት እንኳ አውቶቡሱ ላይ ተሳፍራችሁ ይሆናል። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አሜሪካ አገር በኦሮራና በዴንቨር መካከል የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ከማንም ጋር ተጣልቶ አያውቅም። ቤቱ ቻምበርስ ሮድ ዳር ካሉት አፓርትመንቶች አንዱ ነው፤ ሚስቱ እንቁ አረጋውያን የሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ትሠራለች፤ ሁለት ልጆች አሏቸው። ሰውዬው ጨዋ ነው፣ ታታሪ ነው። አንድ በሽታ ግን አለበት፤ ልጆችህን አመስግን ቢሉት ሞቼ እገኛለሁ ይላል።

ልጁ ኮከብ ከክፍሏ አንደኛ ስትወጣ፣ ሰዎች እንኳን ደስ አለህ ቢሉት ‹‹ኧረ እባካችሁ፣ መጽሐፍ ስትገልጥ እንኳ አይቻት አላውቅ›› ብሎ አረፈው። ውሸቱን ነው! በቃሽ፣ ዓይንሽ ይጠፋል እያለ መጽሐፉን ከእጇ የሚቀማት እሱ ራሱ ነው። ልጅን ሰው ፊት ካሞገሱት ይበላሻል፣ ይባስ ብሎም ዓይን ይገባዋል ብሎ ያምናል። ልቡ ግን ቅቤ ነው፤ ይህን የምታውቀው ደግሞ እንቁ ብቻ ናት።

ታላቁ ልጅ ሊዑል ዴንቨር ውስጥ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ይማራል፤ ለኮሌጁም የአሜሪካ ፉትቦል ይጫወታል። ኳርተርባክ ነው። ዘውዱ ይህን ጨዋታ ለመረዳት አራት ዓመት ፈጅቶበታል፤ በእጅ የሚጫወቱትን ነገር በእግር ስም መጥራታቸው አሁንም ያናድደዋል። የገባው ይህን ያህል ነው፤ ኳሷ መጀመሪያ ኳርተርባኩ እጅ ትገባለች፤ እሱም ወይ ይወረውራታል፣ ወይ ለሌላ ይሰጣታል፣ ወይ ራሱ ይዟት ይሮጣል። በሬ በሬ የሚያካክሉ ልጆች ደግሞ ሊጥሉት ይመጣሉ።

ዘንድሮ ኮሌጁ ራስል የሚባል አዲስ አሰልጣኝ ቀጠረ። ‹‹ልጁን በስልቴ ልክ አልቆርጠውም፤ ስልቴን በልጁ ልክ እሰፋለታለሁ›› የሚል ሰው ነው። ጎበዝ! ችግሩ፣ ልኩ በሚወሰድበት ሰሞን ሊዑል ቁርጭምጭሚቱ ዞሮበት የሩጫው ፈተና አመለጠው። የሃይስኩልና ያለፉት ዓመታት የኮሌጅ ቪዲዮውም አልረዳም፤ ሁሉም ቦታ ቆሞ እንዲወረውር ብቻ ነበር የሚያዙት። ስለዚህ አሰልጣኙ ሰኔ ላይ ቻምበርስ ሮድ ድረስ መጣና፣ እንቁ ካቀረበችለት ሁለተኛ ሳህን ጋር እየታገለ ዘውዱን ጠየቀው።

‹‹ያሳደጉት እርስዎ ነዎት፣ ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቀው የለም። ልጁ ፈጣን ነው?››

እንግዲህ ጥያቄውን ለማን አቀረበው! እንግዳ ቤት ተቀምጦ፣ ልጁ አጠገቡ ቆሞ፣ ዘውዱ ‹‹አዎ፣ ፈጣን ነው›› ሊል? መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ይሻለዋል።

‹‹ኧረ ምን ፈጣን!›› አለ እየሳቀ። ‹‹ከአልጋው እስኪነሳ እኩለ ቀን ይሆናል። ሩጫ አይሆንለትም። ክንዱ እንኳ ምንም አይል።››

የእኛ ሰው ቢሆን ይህን ሲሰማ ‹ልጁ ነፋስ ነው ማለት ነው› ብሎ ይተረጉመው ነበር። አሰልጣኙ ግን ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። እንቁ ጠረጴዛው ሥር የባሏን እግር ረገጠችው፤ ምን ዋጋ አለው።

መስከረም ላይ ውድድሩ ተጀመረ። አሰልጣኙ ለማይሮጥ ኳርተርባክ የሚስማማውን ስልት ዘረጋ፤ ሊዑል ከሚከልሉት አምስት ግዙፍ የቡድኑ ልጆች ጀርባ ይቆማል፣ ርቆ የሄደውን ጓደኛውን ይፈልጋል፣ ይወረውርለታል። ሊዑል ደግሞ በቁመት ከአባቱ ብዙም አይበልጥም። የሚታየው ሜዳው ሳይሆን ከፊቱ የቆሙት ልጆች ጀርባ ነው። አሻግሮ ለማየት ሲንጠራራ ተጋጣሚዎቹ መጥተው ከመሬት ይደባልቁታል። የመጀመሪያውን ጨዋታ ተሸነፉ፣ ሁለተኛውን ተሸነፉ፣ ሦስተኛውማ አይወራም።

እሁድ ዕለት ሊዑል ልብሱን ሊያጥብ ቤት መጣ። ጎኑ በልዟል።

‹‹ቅዳሜ ካልተሳካ ኮች ቤንች ያደርገኛል፣ ተቀያሪ ሆኜ እቀራለሁ›› አለ ልብሱን ማሽኑ ውስጥ እየጨመረ። ‹‹የመጨረሻ ዓመቴ ነው። ኢትስ ኦቨር፣ አለቀልኝ።››

እንዲህ ብሎ ክፍሉ ገባና ተኛ። ኮከብ ስልኳን ይዛ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች። ‹‹አባዬ፣ ይሄን ስማ›› አለችው። አሰልጣኙ ለኮሌጁ ቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ሲሰጥ ነው። ‹‹ስልቱን የመረጥኩት ቤተሰቡን ጠይቄ ነው›› ይላል። ‹‹አባትየው ልጄ አይሮጥም ብሎ በግልጽ ነገረኝ። እንዲህ ያለ ሐቀኛ አባት ብርቅ ነው።››

ዘውዱ ክው አለ።

‹‹አር ዩ ሲሪየስ? የምርህን ነው? አይሮጥም አልከው?›› ጮኸች ኮከብ።

‹‹እንግዳ ፊት ምን ልበል ታዲያ?››

‹‹እውነቱን ነዋ!›› አለች እንቁ ከወጥ ቤት። ‹‹እውነት መናገር ምን ነበረበት? ልጄን አስቀጠቀጥከው እኮ!››

በማግስቱ ዘውዱ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ወደ ኮሌጁ ነዳ። በሎውሪ ሰፈር በኩል ሲያልፍ መኪናው ውስጥ ብቻውን ይለማመድ ነበር። ‹‹ልጄ ፈጣን ነው።›› ጆሮው ድረስ ጋለ። ‹‹ልጄ... ደህና ይሮጣል። አይ፣ ይሄማ አይረባም።›› ቀይ መብራት ላይ ከጎኑ የቆመች ሴትዮ አፍጥጣ ስታየው፣ ስልክ የሚያወራ ለመምሰል እጁን ጆሮው ላይ አደረገ።

አሰልጣኙን ልምምድ ሜዳው ጥግ አገኘው።

‹‹ዋሽቻለሁ›› አለው ዘውዱ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ። ‹‹ልጄ ይሮጣል።››

‹‹ታዲያ ለምን አይሮጥም አሉኝ?››

‹‹እንግዳዬ ነበሩዋ!››

ይህን ማስረዳት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዘውዱ ስለ ዓይን ተናገረ፣ ስለ ነውር ተናገረ፣ እጁን አወራጨ። አሰልጣኙ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ።

‹‹በእርስዎ ቃል ብቻ አልተነሳሁም እኮ›› አለ በመጨረሻ። ‹‹እግሩ ከዳነ በኋላ ልጁን ራሱን ጠየቅኩት። ፈጣን አይደለሁም አለኝ። ማን እንዲህ አለህ ስለው፣ ‹አባቴ› ሲል መለሰልኝ።››

ሰው ሰምቶ ይረሳዋል እያለ ዘውዱ የሚጥለውን ቃል ሁሉ ልጁ ሲለቅም አድጓል ለካ! በራሱ አፈረ፤ እንዲያ አፍሮ አያውቅም። ከዚያ ምላሱ ተፈታ።

‹‹አስራ አራት ዓመቱ ሳለ የምነዳው አውቶቡስ አመለጠው›› አለ። ‹‹ከፌርማታ ውጪ በር መክፈት ክልክል ነው፣ አልከፈትኩለትም። በመስታወት ሳየው ከኋላዬ ይሮጣል። ከዚያ አለፈኝ! ቦርሳውን እንደተሸከመ! ቀጣዩ ፌርማታ ስደርስ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ተሳፋሪው በሙሉ አጨበጨበለት። እኔ አባቱ ምን አልኩት መሰለዎት? ‹ቲኬትህን አሳይ።›››

አሰልጣኙ ሳቁ አመለጠው። ግን ሞኝ አልነበረም።

‹‹አንዴ የአባት ቃል አምኜ የደረሰብኝን አይተዋል። አሁን የማምነው ሰዓቴን ነው። አርባ ያርድ፣ ከሜዳው ግማሽ ትንሽ ያነሰ፣ ይሩጥልኝ። ከአራት ነጥብ ስድስት ሰከንድ በታች ከገባ፣ ስልቱን ዛሬውኑ እለውጠዋለሁ፤ የተከላካዩን አመጣጥ አይቶ ወይ ኳሷን የሚሰጥበት ወይ ራሱ ይዟት የሚበርበት ጨዋታ አለኝ። ካልገባ ግን ቅዳሜ ሌላው ልጅ ይሰለፋል።››

ሊዑል ተጠርቶ መጣ። አባቱን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

‹‹ሰው ሞተ እንዴ?››

‹‹ማንም አልሞተም›› አለ ዘውዱ።

አሰልጣኙ ነገሩን ሲነግረው ሊዑል አቀረቀረ። ‹‹ኮች፣ እኔ እኮ ፈጣን አይደለሁም›› አለ።

ዘውዱ ጠጋ አለ። መኪናው ውስጥ የተለማመደው ሁሉ ጠፋበት።

‹‹ፈጣን ነህ›› አለው። ‹‹እኔ ነኝ ስዋሽ የኖርኩት። ዓይን እንዳይገባህ፣ እንዳትታበይ ብዬ ነው። አንተ ስትሮጥ ሳይ እኮ በደስታ የምሆነው ይጠፋኛል።››

ሊዑል ቀና ብሎ አየው። ‹‹አባዬ፣ እኔ አምኜህ ነበር›› አለ።

ዘውዱ የልጁን ትከሻ ግጥም አድርጎ ያዘና ‹‹ዛሬም እመነኝ›› አለው።

ሊዑል መነሻው ላይ ጎንበስ አለ። ፊሽካው ተነፋ። እንዴት እንደሮጠ ልነግራችሁ ብችል ደስ ባለኝ፤ ዘውዱ ራሱ እንኳ ግማሹን በእንባ ነው ያየው። አሰልጣኙ ሰዓቱን አየ፣ ነቀነቀው፣ ደግሞ አየው። ከዚያ ብብቱ ሥር የያዘውን፣ የቆየው ስልት የተጻፈበትን ወረቀት ለሁለት ቀደደው።

ሊዑል ግን በስንት ሰከንድ እንደገባ ለመስማት ወደ አሰልጣኙ አልዞረም፤ የዞረው ወደ አባቱ ነው። ዘውዱ ሃምሳ ሰው በተሰበሰበበት ሜዳ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ‹‹የእኔ ልጅ ነው! እዩት እስቲ፣ የእኔ ልጅ ነው!›› እያለ በአማርኛ ይጮኻል። ከዚያ ሁሉ ሰው ቋንቋው የገባው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም እየሳቀ ወደ አባቱ ሮጠ።