የናዲር ልጅ ዓይኖች

አበራሽ ከደሴ ወጥታ ሮም ከገባች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። በነዚያ ዓመታት ሦስት አሮጊቶችን አስታማ ቀብራለችና የሽማግሌ ጠባይ አይከብዳትም። ግራ ያጋባት አራተኛው ቤት፣ የፕሮፌሶር አንቶኒዮ ቤት ነው። ሰውየው አእምሯቸው ከከዳቸው ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ እንደነበር እንጂ ምን ያስተምሩ እንደነበር የነገራት የለም።

አንድ ጠዋት ጺማቸውን ስትላጫቸው እጇን ያዙና፣ «ናዲር የልጁን ዓይን አስወጣ» አሏት።

«ናዲር ማነው ፕሮፌሶሬ?»

«ልጁ እኮ አልበደለም። በሐሰት መስክረውበት ነው።»

በማግስቱም ያንኑ አሉ። በሦስተኛው ቀን አለቀሱ። አበራሽ እንቅልፍ አጣች። ፖሊስ ዘንድ ልሂድ ትልና ፔርሜሶዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ገና አለመታደሱ ትዝ ሲላት ትተወዋለች። ጭንቀቱ ሲብስባት ለሴት ልጃቸው ለማርጌሪታ ደወለች።

ማርጌሪታ ሳቀች። «ኧረ አበራሽ፣ ናዲር ሻህ እኮ የፋርስ ንጉሥ ነበር። ከሞተ ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ልጅህ ሊያስገድልህ ነበር ብለው ቢነግሩት የልጁን የሬዛን ዓይን አስወጣ፤ ኋላ ተጸጸተ ይባላል። አባቴ በየዓመቱ ለተማሪዎቹ ያስተምረው የነበረ ታሪክ ነው።»

አበራሽ እፎይ አለች፤ ግን ብዙም አልቆየላት። ከሰዓት ሾርባ ስታጎርሳቸው ማንኪያውን ገፋ አደረጉና፣ «ዳኒዔሌ መጽሐፉን አልሰረቀም። እኔው ያስቀመጥኩበትን ረስቼ ነው ዓይኑን ያስወጣሁት» አሉ።

ዳኒዔሌ የሚባል ስም በዚያ ቤት ሰምታ አታውቅም። መልሳ ደወለች። አሁን ማርጌሪታ አልሳቀችም። አባቷ ወንድሟን ዳኒዔሌን «የብራና መጽሐፌን ሰርቀሃል» ብለው ካባረሩት ዘጠኝ ዓመት እንደሆነው፣ የሚኖረውም እዚያው ሮም፣ ቲቡርቲና ባቡር ጣቢያ አጠገብ እንደሆነ ነገረቻት።

«ማየት ይችላል?» ብላ ጠየቀች አበራሽ፤ ወዲያው አፈረች።

ቁጥሩን ተቀብላ ራሷ ደወለችለት።

«አባቴ የሚፈልገው እኔን ነው?» አለ ዳኒዔሌ።

«እኔም አላወቅሁም። ብቻ ና።»

ቅዳሜ ጠዋት መጣ። ፀጉሩን ሽበት የወረረው፣ ረጅም ሰው ነው። አባቱ ለረጅም ጊዜ ትክ ብለው አዩት፤ ከዚያ በሁለት አውራ ጣታቸው የዓይኖቹን ቆቦች ዳበሱ።

«ታያለህ?»

«አያለሁ፣ ፓፓ።»

«እንግዲያው ዋሽተውኛል። ይቅር በለኝ፣ ሬዛ።»

አበራሽ በሩ ላይ ቆማለች። ስሜ ሬዛ አይደለም ይላቸዋል ብላ ጠበቀች። ዳኒዔሌ ግን እጃቸውን ሳመና አጠገባቸው ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ይመጣ ጀመር። አንዳንዴ ሬዛ ይሉታል፣ አንዳንዴ ዳኒዔሌ፣ አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ አያውቁትም። ፕሮፌሶሩ በየካቲት አረፉ። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ማርጌሪታ ወደ አበራሽ ጠጋ ብላ፣ «ያን የመጀመሪያ ቅዳሜ አባቴ ይቅርታ የጠየቀው ማንን ነበር?» አለቻት።

«እኔ እንጃ፣ ሲኞራ» አለች አበራሽ።

ዳኒዔሌ ሰምቷል። ሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት ሰዎች መካከል ገብቶ ትከሻውን ሰጠ።