የበረንዳው ትምህርት ቤት

ልጅ ሆኜ ድሬዳዋ፣ የሰፈሩን ሕፃናት ግቢያችን ውስጥ ሰብስቤ አስተምር ነበር። ግድግዳው ላይ በከሰል ፊደል እጽፋለሁ፤ የተሳሳተውን ጆሮውን እቆነጥጣለሁ። እናቴ ግድግዳውን ስታይ ትጮህብኛለች፤ ለጎረቤት ግን «የእኔዋ አስተማሪ ናት የምትሆነው» ትል ነበር። እኔም ተጠራጥሬ አላውቅም። አባቴ ሲሞት ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። «ለጊዜው ነው» ተብዬ ጅቡቲ ሰው ቤት ገባሁ። ያ «ለጊዜው» የተባለው ይኸው እስከ ዛሬ አላለቀም፤ ያልቃል ብዬ መጠበቁንም ትቼዋለሁ።

አሁን የምሠራው እዚያው ጅቡቲ፣ ጋቦዴ የሚባል ሰፈር ነው። ከሰዓት በኋላ ጫቱ ሲመጣ ትልልቆቹ ሳሎኑን ዘግተው ይቀመጣሉ፤ እኔና የቤቱ ትንሿ ልጅ በረንዳ ላይ እንቀራለን። እጄ ላይ ነው ያደገችው። አማርኛ ያስተማርኳትም እኔ ነኝ፤ በሕይወቴ ያፈራሁት ተማሪ እሷ ብቻ ናት።

ትናንት «ትምህርት ቤት እንጫወት» አለችኝ። አስተማሪዋ መቼስ እሷ ናት። አሻንጉሊቶቿን በተርታ ደረደረች፤ እኔንም ልብስ ከማጥፍበት አስነስታ መጨረሻ ላይ አስቀመጠችኝ። ከዚያ «ስታድጊ ምን ትሆኛለሽ?» እያለች በየተራ መጠየቅ ጀመረች። በአሻንጉሊቶቹ ፈንታ የምትመልሰውም ራሷ ናት፤ አንዷ ሐኪም፣ ሌላዋ ፓይለት ሆኑ። ተራዬ ሲደርስ፣ ሞኝ ነኝና፣ መልሱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሷ ግን ዘላኝ ወደ ጥቁር ሰሌዳዋ ዞረች።

«እኔንስ አትጠይቂኝም?» አልኳት።

ግራ ገብቷት አየችኝ።

«አንቺማ አድገሻል እኮ! የምትሆኚውን ሆነሻል።»