ከማቅለያዎቹ አንዷ

ወንድሜ ከሚዛን ቴፒ የሚመላለስ ሚኒባስ ሹፌር ነበር። አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ቁልቁለት ላይ መኪናው ተንሸራቶ ከገበያ የምትመለስ ሴት ገጨ። ራሱ አንስቶ አማን ሆስፒታል አደረሳት፤ አልተረፈችም። ከዚያው ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ እጁን ሰጠ። ፍርድ ቤት ሲቀርብም አልካደም። «ፈጥኜ ነበር» አለ፤ ሌላ ነገር አልጨመረም።

ጥፋተኛ በተባለበት ዕለት ዳኛው ለቅጣት አስተያየት ሌላ ቀጠሮ ሰጡና ወንድሜ ወደ ማረሚያ ቤት ወረደ። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ጥፋተኛ የተባለ ሰው ቅጣቱ እዚያው የሚነገረው ይመስለኝ ነበር። ጠበቃው ከችሎቱ ደጃፍ አቁሞ አስረዳኝ።

«ሕጉ ከዚህ እስከዚህ ይላል። ዳኛው እንደ ጥፋቱ ክብደት መነሻ እርከን ይይዛሉ። ዐቃቤ ሕግ ማክበጃ ካለው ያቀርባል፤ እኛ ደግሞ ማቅለያ። ተቀባይነት ያገኘ እያንዳንዱ ማቅለያ ቅጣቱን አንድ እርከን ያወርደዋል።»

ያሉንን ማቅለያዎችም ነገረኝ። ወንድሜ የቀድሞ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱን አምኗል። ተጎጂዋን ለማዳን ሞክሯል። ቀሪዋ እናታችን ነበረች፤ የልብ በሽተኛ ናት፣ የምትኖረው ከእሱ ጋር ነው፣ የሚጦራትም እሱ ነው። «ይህንን ለዳኛው በቃል ጠቅሻለሁ። የቀበሌ ደብዳቤና የሐኪም ማስረጃ ያምጡልኝ» አለኝ።

የቀበሌው ጸሐፊ «በሽተኛ እናታቸውን በመጦር ላይ የሚገኙ» ብሎ ጻፈልኝ። ማታ ለእናቴ አነበብኩላት። አልጋዋ ላይ ቀና አለችና «እኔስ ከእንግዲህ ለምንም የምጠቅም አይመስለኝም ነበር» አለች።

ቀጠሮው አራት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሞተች።

ከቀብር እንደተመለስን አጎቴ ለብቻዬ ጠራኝ። «ለልጁ እንዳትነግሪው። ቅጣቱን ሰምቶ ሲረጋጋ ሽማግሌዎች ሄደው እንደ ወጉ ያረዱታል» አለኝ። ስለ ደብዳቤውም አስቦበት ነበር። «የተጻፈው በሕይወት እያለች ነው። ውሸት የለበትም።»

ሰኞ ጥቁሬን አውልቄ ስንቅ ይዤለት ሄድኩ።

«እንዴት ናት?» አለኝ።

«ደህና ናት።»

«መድኃኒቷን እንዳታሳልፊባት። ካላስታወሷት ትረሳዋለች።»

በቀጠሮው ዕለት ጠዋት ጠበቃው ደብዳቤውን ተቀብሎ አየውና «እስከ ዛሬ ያለው ሁኔታ ይኸው ነው አይደል?» ሲል ጠየቀኝ። ለሁሉም የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ፊት ለፊታችን፣ አግዳሚው ወንበር ላይ፣ ወንድሜ የገጫት የሟቿ ልጅ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች። እኔ የለበስኩት የጎረቤት ሰማያዊ ሹራብ ነው። እሷን እያየሁ አዎ ማለት አቃተኝ።

«ቅዳሜ አርፋለች» አልኩት።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለኝ። «እንግዲህ ይህን ማቅረብ አልችልም።»

«እሱ ግን አልሰማም።»

«አላነሳውም።»

ችሎት ገብተን ሦስቱን ምክንያቶች ተናግሮ ተቀመጠ። ዳኛው መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። «ባለፈው ቀጠሮ በሽተኛ እናት እንደሚጦር ተገልጾ ነበር። ማስረጃው የታለ?»

«ትተነዋል፣ የተከበረው ፍርድ ቤት።»

«ለምን?»

ጠበቃው «ሁኔታው ተለውጧል» አለ።

ወንድሜ ዞሮ አየኝ። ፊቴን መሸሸግ ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። ከፊቱ ያለውን እንጨት በሁለት እጁ ያዘ። ዳኛው እሱንም እኔንም አዩና ችሎቱን ለግማሽ ሰዓት አቋረጡ። ፖሊሱም እንድጠጋው ፈቀደልኝ።

«መቼ?» አለኝ።

«ቅዳሜ።»

«ሰኞ እኮ ደህና ናት ብለሽኛል።»

የአጎቴን ምክር ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ ግን በአጎቴ ማላከክ መሰለኝና ተውኩት። ከዚያ በኋላ እስኪጠሩን ድረስ እጁን ይዤ ቆምኩ፤ እሱም እጁን አልነጠቀኝም።

ሦስቱ ማቅለያዎች ተቀባይነት አገኙ። ሁለት ዓመት ከስድስት ወር ተፈረደበት። አራተኛዋ ብትጨመር ጥቂት ወራት ትቀንስለት እንደነበር ጠበቃው ነገረኝ፤ ስለጠየቅኩት ነው እንጂ እሱስ ሊነግረኝ አልፈለገም። አጎቴ ይህን ሲሰማ «ወንድምሽን አሳሰርሽው» ብሎ ሄደ፤ ለረጅም ጊዜም ቤቴን አልረገጠም። ሽማግሌዎቹ ግን እንደተባለው ማረሚያ ቤት ሄዱ። ወንድሜ ምንም እንዳልሰማ ሰው ተቀምጦ አዳመጣቸው፤ ያለቀሰውም ያኔ ነው አሉኝ።

አሁን ከዓመት በላይ ሆኖታል። ባለፈው እሑድ፣ ጠባዩ መልካም ስለሆነ በአመክሮ ቶሎ ሊወጣ እንደሚችል ነገርኩት። ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር።

«ወጥቼ የት እገባለሁ?» አለኝ።

ቤቱ እንዳለ ነው፣ እኔም አለሁ አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ስንቁን ተቀብሎኝ ገባ።